ስድስተኛው ደብተር

«በግራ ጎኗ! በግራ ጎኗ አስተኟት!» አለች አዋላጇ ሰርክአዲስ ጓንቷን እያጠለቀች።

ነፍሰ ጡሯን ከጋሪ አውርደው እየደገፉ ያስገቧት ሁለት ሴቶች ግን ባሉበት ቆመው ቀሩ። አንደኛዋ የልጅቷ አማት፣ ሁለተኛዋ ጎረቤት ነበረች፤ ሁለቱም አማርኛ አይሰሙም። አዋላጇ በእጇ እያሳየች፣ ራሷም እየደገፈች፣ ልጅቷን አልጋው ላይ አጋደመቻት። ሽታዬ ትባላለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው፤ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። ፊቷ ከማበጡ የተነሣ ዓይኖቿ ጠብበው ነበር።

ሽታዬ የአዋላጇን እጅ ለቀም አደረገችና በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች።

«አይዞሽ» አለቻት ሰርክአዲስ።

ሽታዬ ያንኑ ቃል በቃል ደገመችው። በሦስተኛው ድምጿ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«አይዞሽ የኔ እህት፣ አይዞሽ። እትዬ እንቁ! እትዬ እንቁ የት ሄዱ?»

የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እንቁ የራሰ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ገባች። ከማጽዳቱ ሌላ ማንም ያልሰጣት፣ ማንም የማይከፍላት አንድ ሥራ ነበራት፤ ታስተረጉማለች። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«ዓይኔ ጨለመብኝ ነው የምትል። ሦስት ቀኗ ነው።»

«ራሷንስ ያማታል? ይጠይቁልኝ።»

እንቁ ጠየቀች። መልሱ ረዘም ያለ ነበር። እንቁ በዚህ ጊዜ ወዲያው አልተረጎመችውም፤ ቀና ብላ አዋላጇን አየቻት።

«ምን አለች?»

«ያማታል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። ባለፈው ሐሙስ ስመጣ ነግሬያት ነበር ነው የምትል።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ፣ ሲስተር።»

የደም ግፊት መለኪያው መቶ ሰባን አልፎ ሲቆም ሰርክአዲስ መርፌውን እያዘጋጀች ነበር። መድኃኒቱን ከመውጋቷ በፊት ሽታዬ ዓይኖቿን ወደ ጣሪያው ገለበጠች፤ መንጋጋዋ ገጠመ፤ መላ ሰውነቷ እንደ ጅራፍ ይወራጭ ጀመር። አማቷ ጮኸች። ሰርክአዲስ በአሥራ አንድ ዓመት የአዋላጅነት ሥራ ውስጥ ለእጇ ብዙ ነገር አስተምራዋለች። መወራጨቱን የሚያስቆመውን ማግኒዥየም ሰጠቻት፤ የትንፋሿን መንገድ ጠበቀችላት፤ እንቁን አምቡላንስ እንድታስጠራ ላከቻት። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መወራጨቱ ቆመ።

ከልጅቷ ጋር ወደ እንጅባራ ሆስፒታል የሚላከውን የክትትል ካርድ የከፈተችው ከዚያ በኋላ ነው። የሐሙሱ ዓምድ ላይ በገዛ እጇ፣ በዚያ ሁልጊዜ በሚደነቅላት ንጹሕ የእጅ ጽሕፈት፣ ከላይ ወደ ታች ተጽፏል፦ የለም። የለም። የለም።

አምቡላንሱ ከግምጃ ቤት ወደ እንጅባራ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲወጣ ሰርክአዲስ በአንድ እጇ የሽታዬን የልብ ምት፣ በሌላው ካርዱን ይዛ ነበር። አማቲቱ ከአዋላጇ እግር ሥር ተቀምጣ የአዋላጇን ነጭ ልብስ ጫፍ ጨብጣለች። ጉድጓድ ባጋጠማቸው ቁጥር ጠበቅ ታደርገዋለች፤ ሲያልፉ አትለቅም።

ያ ሐሙስ የእርጉዞች ቀን ነበር። አግዳሚው ላይ ሃያ ሦስት ሴቶች ይጠብቃሉ። የሽታዬ የደም ግፊት ከፍ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ከመስመሩ አላለፈም። የሽንት መመርመሪያው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ የቀሩት አደጋውን የሚጠቁሙት ሦስት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ። ራስሽን ያምሻል? ዓይንሽ ብዥ ይልብሻል? ከሆድሽ በላይ እዚህ ጋ ያቃጥልሻል? ሰርክአዲስ ሦስቱንም ጠይቃለች፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብላና ጮክ ብላ፣ ጮክ ብሎ የተነገረ አማርኛ አገውኛ የሚሆን ይመስል። ሽታዬ ለመጀመሪያው «እሺ» አለች። ለሁለተኛውም «እሺ» አለች። ለሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አንድ ረዘም ያለ ነገር በገዛ ቋንቋዋ ተናገረች።

«የመንገዱ ድካም ነው፤ አይዞሽ» ብላ ሰርክአዲስ ሦስት ጊዜ «የለም» ብላ ጻፈች።

እንቁ ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ አንሶላ ታጥብ ነበር። ውኃው ሲንቦጨቦጭ ይሰማል። አንድ ጊዜ «እትዬ እንቁ» ማለት ይበቃ ነበር። ሰርክአዲስ አልጠራቻትም፤ ያልጠራችበትንም ምክንያት አሁን በአምቡላንሱ ውስጥ፣ የማትረዳው ጸሎት ከእግሯ ሥር እየተነገረ፣ ጥርት አድርጋ ታውቀው ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት እንቁ በሴቶቹ ፊት ቀልዳባት ነበር።

«ሲስተር፣ አምስተኛው የአገውኛ ደብተርሽ የት ደረሰ?»

«ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነኝ።»

«ውይ! አምናም እዚያው ነበርሽ እኮ። የልጄ ልጅ ያለ ደብተር፣ ገና በሁለት ዓመቱ፣ እኔኑ ይሳደብበታል!»

እንቁ ቀልዱን በአገውኛ መልሳ ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ሰርክአዲስም ሳቀች። ሳቁ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ፤ ሽታዬ ተራዋ ደርሶ ስትገባም ገና አልወጣም ነበር። ስለዚህ አልጠራቻትም።

ሰርክአዲስ የዳንግላ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ከገጠር ለገበያ የሚመጣው ሰው ሁሉ ለእነርሱ ሲል አማርኛ ይናገር ስለ ነበር፣ እርሷ ሌላ ቋንቋ ሳያስፈልጋት አደገች። ከአምስት ዓመት በፊት ወደዚህ ጤና ጣቢያ ስትመደብ ግን ከሚመጡት ሴቶች የሚበዙት አማርኛ እንደማይሰሙ በመጀመሪያው ሳምንት አየች፤ ቋንቋውን ለመማርም ወሰነች። ውሳኔዋ እውነተኛ ነበር። በጊዜ ብዛት የመስከረም ልማድ ሆነ፤ አዲስ ደብተር ትገዛለች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በዚህ ዓመት መጨረሻ አገውኛ አቀላጥፌ እናገራለሁ» ብላ ትጽፋለች፣ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርበታለች። የመጀመሪያው ደብተር እስከ ዐሥራ አራተኛው ገጽ ተጽፎበታል። አምስተኛው አራት ገጽ ብቻ። አንድ ዓመት በየቅዳሜው እንጅባራ ሄዳ ልትማር አስባ ነበር፤ ሌላ ዓመት መምህር ልትቀጥር፤ አንድ ጊዜም በስልኳ ሰባት ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት አስጭናለች፤ ከዚያ ውስጥ የሰማችው መግቢያውን ነው።

ባለፈው መስከረም እንቁ ወለል እየወለወለች እንዲህ ብላት ነበር፦

«እኔ ሰዋስው ምናምን የሚሉትን አላውቅም። ጠዋት ስትገቢ አንድ ጥያቄ ልንገርሽ። እስከ ማታ በመጣችው ሴት ሁሉ ላይ ሞክሪው። ነገ ደግሞ ሌላ።»

«እትዬ እንቁ፣ ቋንቋ እንዲህ በቁርጥራጭ አይለመድም። መሠረት ያስፈልገዋል።»

«እንግዲያስ መሠረቱን ቆፍረሽ ስትጨርሺ ጥሪኝ፤ ግድግዳውን አብረን እናቆማለን።»

አሁን ግንቦት ነው። ሰርክአዲስ እሑድንና በዓላቱን እየቀነሰች በልቧ አሰላችው፤ ሁለት መቶ ያህል ጥያቄ ይሆን ነበር። የሚያስፈልጓት ግን ሦስት ነበሩ። የሦስት ቀን ሥራ።

በሆስፒታሉ የተቀበላቸው ሐኪም ዶክተር ምንይችል ይባላል፤ ገና ወጣት፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው ሰው ነው። ልጅቷን መርምሮ ለቀዶ ጥገና እንዲያዘጋጇት አዘዘና ካርዱን ተቀበለ። አማቲቱ በዚህ መሀል የሰርክአዲስን ሁለት እጆች ይዛ መዳፏን ሳመች፤ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። ሰርክአዲስ እጇን መንጠቅ አልቻለችም፤ መስጠትም አልቻለችም።

«ባለፈው ሐሙስ አይተሻታል?» አለ ሐኪሙ።

«አይቻታለሁ።»

«ራስ ምታት የለም፣ የዓይን ብዥታ የለም፣ ማቃጠል የለም።» ካርዱን ገለበጠው። «እንግዲህ በድንገት የተነሣ ነው ማለት ነው። ያጋጥማል።»

ያጋጥማል። ከዚያ ቃል በኋላ ሰርክአዲስ ምንም ማለት አያስፈልጋትም ነበር። ዝም ብትል፣ ወይም አንገቷን ብትነቀንቅ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ካርዱ መስክሮላታል፤ አጠገቧ የቆመችው አማት የሚባለውን አትሰማም፤ ሽታዬ ብትነቃ እንኳ የምትናገረውን የሚረዳ ሰው መፈለግ አለበት። ያቺን ልጅ ያለ ምስክር ያስቀረው ያው ቋንቋ፣ አሁን እርሷን ሊሸሽጋት ተዘጋጅቶ ቆሞ ነበር።

«ዶክተር» አለች፤ «አልጠየቅኋትም።»

«ተጽፏል እኮ።»

«በማትሰማው ቋንቋ ነው የጠየቅኋት። እሺ፣ እሺ አለችኝ። ከዚያ በራሷ ቋንቋ ነገረችኝ። እኔ አልገባኝም፤ የለም ብዬ ጻፍኩ።»

«አስተርጓሚ አልነበረም?»

«ነበረች። ከግድግዳው ወዲያ።»

«ታዲያ?»

ሰርክአዲስ የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበራት፤ ያም በዕድሜ ለሚያንሳት ሰው የሚነገር አልነበረም።

«አፈርኩ» አለች። «መጥራት አፍሬ ነው።»

ዶክተር ምንይችል ካርዱን መለሰላት። ቢቆጣት ይቀላት ነበር፤ አልተቆጣትም። እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

«በአንድ መስመር ሰርዢው፤ የቀድሞው እንዲነበብ ይሁን። እውነቱን ከጎኑ ጻፊና ፈርሚበት። ለኃላፊያችሁ ደግሞ ከኔ ሳይሆን ካንቺ ይስሙት» ብሎ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባ።

ሰርክአዲስ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ካርዱን ከግድግዳው ጋር አስደግፋ፣ ሦስቱን «የለም» ሰረዘች። ከጎናቸው «ራሷን ያማት ነበር፤ ተናግራለች፤ አልተረዳኋትም» ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሕፈቷ እንደ ወትሮው አላማረም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ሴት ልጅ ተወለደች። ትንሽ ናት፤ ሁለት ኪሎ አትሞላም፤ ድምጿ ግን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። የእናቲቱ ደም ግፊት መውረድ ጀምሯል፤ እስከ ማታ ትነቃለች አሉ። ሰርክአዲስ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

የሽታዬ ባል ደሴ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። እንጅባራ ውስጥ ሕንፃ ላይ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ሲሚንቶ ነበር። እናቱ በአገውኛ ብዙ ነገረችው፤ እያወራች በጣቷ ወደ ሰርክአዲስ ታመለክታለች። ደሴ ቆቡን አውልቆ መጣ።

«ሲስተር፣ እናቴ ሁሉን ነገረችኝ። አንቺ ባትደርሺላት ዛሬ ምን ይውጠኝ ነበር? እግዜር ይስጥሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ።»

ሰርክአዲስ ብድግ አለች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ለሐኪሙ የነገረችውን መድገም ብቻ ነበር፤ ደሴ ደግሞ አማርኛ ጥሩ አድርጎ ይሰማል።

«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለችው።

«አሜን! አሜን ሲስተር። ምሳ እንኳ አልበላሽም፤ ቆይ አንድ ነገር ላምጣልሽ።»

«አይ፣ አይ። መኪና ያመልጠኛል።»

ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ነበር፤ መኪናው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይጠፋም። ይህንን እርሷም ታውቃለች፤ ሲሚንቶ የለበሰ እጁን ዘርግቶ የሚሰናበታት ደሴም ያውቃል። ጨዋ ሰው ነውና ምንም አላላትም።

ወደ መናኸሪያው በእግሯ ወረደች። ብርዱ ቆንጥጦ ይይዛል፤ ባጃጆች በጥሩምባ ይጠሯታል። እግሮቿ ግን ከመናኸሪያው አጠገብ ወዳለችው የዘይቱና ሱቅ ወሰዷት። አምስቱንም ደብተሮች የገዛችው ከዚያ ነው። ዘይቱና ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ የምታስር ነጋዴ ናት።

«ሲስተር! ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ? መስከረም ገና ነው እኮ!»

«ደብተር ፈልጌ ነው።»

«ያንኑ ባለ መቶ ሉኩን? ስድስተኛ መሆኑ ነው!» ብላ ዘይቱና ከመደርደሪያው አወረደችላት። «እኔማ እነዚህን ሁሉ ደብተሮች ስትጨርሺ ዶክተር ትሆኛለሽ ብዬ እየጠበቅሁ ነው።»

በዚህ መሀል አንዲት የገጠር ሴት ገብታ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀች። ዘይቱና በዚያው መለሰችላት። ሴትዮዋ ተከራከረች፤ ዘይቱና መለሰች፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ሴትዮዋ ሻማና ጨው ይዛ ወጣች። ሰርክአዲስ ይህን ትርዒት በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳየችው አታውቅም።

«ዘይቱና፣ አገውኛ የት ተማርሽ?»

«የት እማራለሁ? እዚሁ ነዋ። ሱቁን ከእናቴ ስረከብ ‘ስንት ነው’ ብቻ ነበር የማውቀው። ጨው የጠየቁኝ ቀን ጨውን ይዤ እውላለሁ። ሳሙና የጠየቁኝ ቀን ሳሙናን።»

«አይስቁብሽም ነበር?»

«እንዴት አይስቁም! አሁንም ይስቁብኛል፤ ስትስቅ አላየሻትም? ግን እየሳቁ ይገዛሉ።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?»

ዘይቱና አሰበች። «እንጃ። መቼ እንደ ቻልኩት አላውቅም። ማን ይቆጥራል?»

ሰርክአዲስ ደብተሩን ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ባዶ፣ ንጹሕ ነው። እጇ የሚጻፈውን ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል፤ ቀይ እስክሪብቶውም ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ደብተር በገዛች ቁጥር የተማረች ያህል ይቀላት እንደ ነበር ትዝ አላት፤ ዛሬም የመጣችው ያንን ቅለት ፈልጋ ነው። ሽታዬ ሆስፒታል ተኝታ፣ ደሴ እየመረቃት፣ እርሷ ልትሸምት የመጣችው ይህን ነው። በአምቡላንሱ ውስጥ ከተሰማትም፣ በሐኪሙ ፊት ከተሰማትም የባሰ እፍረት ተሰማት።

ደብተሩን ዘግታ ባንኮው ላይ መለሰችው።

«ምነው፣ ዋጋው ነው? ላንቺማ እቀንሳለሁ።»

«አይደለም። አንድ ነገር ንገሪኝ። ‘ነግረሽኝ ነበር፤ አልሰማሁሽም’ በአገውኛ እንዴት ይባላል?»

ዘይቱና አየቻት። ለማን ነው ብላ አልጠየቀችም። በዝግታ አለችላት። አጭር ነበር፤ መሀል ላይ ግን ከጉሮሮ ሥር የሚወጣ አንድ ድምፅ አለበት። ሰርክአዲስ ሞከረችው። ዘይቱና አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች።

«ሳቂ፣ ግድ የለም» አለች ሰርክአዲስ። «ደግመሽ በይልኝ።»

ዘይቱና ደገመችላት፤ እርሷም ደገመች። ሌላ ገዥ ገብቶ ስኳር ገዝቶ ወጣ፤ እርሷ ገና ትደግማለች። ከዘጠነኛው ወይም ከዐሥረኛው በኋላ ዘይቱና አንገቷን ነቀነቀች።

«አሁን ይሰማል። አያምርም፤ ግን ይሰማል።»

ከሱቁ ስትወጣ ስልኳ ጠራ። እንቁ ነበረች።

«ልጅቷስ? እንዴት ሆነች?»

«ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ! አንቺስ?»

«እትዬ እንቁ፣ ነገ ጠዋት የራስ ምታቱን ጥያቄ ይንገሩኝ።»

«ነገ? ይኸንኑ ብቻ?»

«ይኸንኑ ብቻ። በአማርኛማ ከእንግዲህ አልጠይቅም፤ ሲያቅተኝ ደግሞ እጠራዎታለሁ።»

«መሠረቱስ? አለቀ?»

«አላለቀም» አለች ሰርክአዲስ። በሌላኛው ጫፍ እንቁ ስትስቅ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ አልከበዳትም ማለት አይቻልም፤ ከበዳት፤ ግን ስልኩን አልዘጋችውም፤ እንቁ ስቃ እስክትጨርስ ጠበቀች።

«ግምጃ ቤት! ግምጃ ቤት! አንድ ሰው ብቻ!» የሚኒባሱ ረዳት በሩን በመዳፉ ይደበድባል። አያት። «ሲስተር፣ ግቢ እንጂ! ላንቺ ነው የያዝነው!»

«ሂዱ። እኔ አልጨረስኩም።»

ፊቷን ወደ ሆስፒታሉ አዙራ ዳገቱን ጀመረች። ለሽታዬ የያዘችውን ዓረፍተ ነገር ከእርምጃዋ ጋር እያጣጣመች ጮክ ብላ ትለማመዳለች። ያ የጉሮሮ ድምፅ ላይ ስትደርስ አሁንም ተደናቀፈች። አጠገቧ የሚያልፉ ሁለት ተማሪዎች ሰሟትና ተያይተው ሳቁ። ሰርክአዲስ ድምጿን ሳትቀንስ ከመጀመሪያው ጀመረች።